ከጉጠቱ በፊት ቱቦው ይገዛ
ስለ ውሾች ጥርስና መንጋጋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በድሬዳዋ አስተዳደር የእንስሳት ጤና ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የውሾችን የጥርስ በሽታና የመንጋጋ ስብራት ለማከም ስለሚያስፈልግ ዕቃና አሠራር

ክቡራን፣

ውሻውን በባጃጅ ጭኖ ክሊኒክ የደረሰ ሰው «መንጋጋው ተሰብሯል» ቢል ሁለት ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ ከኋላ የተደረደረው ጥርስም ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው የቱን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ቋንቋው ግን ብዙም አልተሳሳተም። በታችኛው መንጋጋ ላይ ያለው ትልቁ የኋላ ጥርስ፣ በተለይ በትናንሽ ውሾች፣ ሥሩ የአጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ድዱ ለዓመታት ሲያመረቅዝ ሥሩን ያቀፈው አጥንት እየተበላ ያልቃል። የተረፈው ስስ አጥንት አንድ ቀን ውሻው ደረቅ ዳቦ ሲቆረጥም፣ ወይም ባለሙያው ያንኑ ጥርስ ለመንቀል ጉጠት ሲጠመዝዝ ቀጭ ይላል። ስለ ጥርስ በሽታና ስለ ስብራት በአንድ ደብዳቤ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው አጭር ነው። ለክሊኒክ የጥርስ ዕቃ ይገዛ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጉጠት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ተራው ይገልበጥ እንላለን። መጀመሪያ ለባለሙያዎቹ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያ የመተንፈሻ ቱቦና ሰመመን፣ ከዚያ የጥርስ ራጅ፣ ጉጠት በመጨረሻ። ለምን እንደሆነ እናስረዳለን።

አፉ ተንጠልጥሎ የመጣ ውሻ

አፉ ክፍት ሆኖ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ የመጣን ውሻ «ስብራት ነው» ብሎ መጀመር በአገራችን ሕይወት ያስከፍላል። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመሮጥና በመናከስ አይመጣም። ሽባ በሚያደርገው መልኩ ውሻው ጭምት ይሆናል፣ የማኘኪያ ጡንቻው ይዝላል፣ የታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፣ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተቀርቅሮበት ነው» ይልና እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ቫይረሱ ያለው ለሃጩ ውስጥ ነውና።

መለያው ምንድን ነው? ስብራት ያለበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ወደ አንድ ጎን ይዛባል፣ ደም አለ፣ የጥርሱ መስመር እንደ ደረጃ ይሰበራል፣ ሲነካ ያመዋል። እንጨት ወይም አጥንት በላይኞቹ ጥርሶች መካከል በላንቃው ላይ የተጋደመበት ውሻ ንቁ ነው፤ አፉን በመዳፉ ይቧጥጣል። የማኘኪያው ነርቭ ብቻ የዛለበት ውሻም አለ፤ መንጋጋው ይወርዳል እንጂ ሕመም የለውም፣ ጠባዩም አይለወጥም፣ ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ራሱ ይድናል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘው ግን ጠባዩና ድምፁ ይለወጣል፣ በየቀኑ ይብስበታል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ የአደጋ ምልክት መኖሩ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ያበደ ውሻም በመኪና ይገጫል።

ስለዚህ በክሊኒኩ በር ላይ አንድ ደንብ ይለጠፍ። የክትባት ካርድ ለሌለውና አደጋው በዓይን ላልታየ፣ አፉ ለወረደ ውሻ ማንም እጁን ወደ አፉ አይሰድም፤ ለብቻው ተዘግቶ 10 ቀን ይታያል። ከሞተ ጭንቅላቱ በበረዶ ቀዝቅዞ ለምርመራ ይላካል፤ ፎርማሊን ውስጥ አይገባም። ለሃጩ ቁስል የነካው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። አፍ የሚከፍቱ ባለሙያዎች ደግሞ ቀድመው ይከተቡ፦ በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ ከ7 ቀን በኋላ ሌላ መርፌ። ይህ ከተነከሱ በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ክትባት አያስቀርም፤ ግን ያሳጥረዋል።

ከድዱ በታች ያለው

ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ 20 ከላይ፣ 22 ከታች። ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ይህ ቡናማ ድንጋይና ሽታው ነው። በሽታው ግን እዚያ አይደለም። በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ስንጥቅ በጤነኛ ውሻ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጥርሱን የያዘው እየለቀቀ ነው። በጥርሱ ዙሪያ በ4 ወይም በ6 ቦታ በመለኪያ ዘንግ ተለክቶ በካርድ ላይ መጻፍ አለበት፤ በአንድ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሌላው 8 ሊሆን ይችላልና።

ይህን ሥራ ውሻው ነቅቶ ሳለ በአራት ሰው ተይዞ መሥራት አይቻልም። የሚታየው ጥርስ ይነጣል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ከድዱ በታች ያለው መግል እንዳለ ይቀራል። እንዲያውም ይብሳል፤ ሽታው ለጊዜው ስለሚጠፋ ሰውየው አንድ ዓመት ሙሉ አይመለስም።

ሰመመን ሲባል ደግሞ ወግቶ ማስተኛት ብቻ አይደለም። ዛይላዚን የተባለው ማስተኛ መርፌ እንደ ልብ ስለሚገኝ እሱን ብቻ ወግቶ መሥራት ይቀናል። ዛይላዚን ግን ውሻን ያስታውካል፣ የልብ ምቱን ያዘገያል፣ ጥርስ ለመንቀል የሚበቃ ሕመም አያስታግስም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጾመ ጤነኛ ውሻ ኬታሚን 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ከዳያዜፓም 0.25 ሚሊ ግራም በኪሎ ጋር በደም ሥር ቢሰጥ ቱቦ ለማስገባት ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ሚሊ ግራምና 2.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ ግን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ያቆያል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ኦክስጅንና በትንፋሽ የሚሰጠው ሰመመን፣ አይሶፍሉሬን፣ ነው። እሱ ከሌለ የአፉን ሥራ ለሁለት ከፍሎ በሁለት ቀጠሮ መሥራት ይሻላል።

ቱቦው ለምን? የመፋቂያ ማሽኑ ውሃ ይረጫል፤ ያ ውሃ ደሙንና የተፈለጠውን ድንጋይ ይዞ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ፊኛው የተነፋ ቱቦ ከሌለ መድረሻው ሳንባ ነው፤ ውሻው በጥርሱ መጥቶ በሳንባ ምች ይሞታል። በቱቦው ዙሪያ ጉሮሮው ውስጥ ክር የታሰረበት የጋዝ ጨርቅ ይቀመጥ፣ የክሩ ጫፍ ከአፍ ውጭ ይንጠልጠል፣ ሲያልቅ ተቆጥሮ ይውጣ። ውሻው በሚገለበጥበት ጊዜ ቱቦው ከሰመመን ማሽኑ ይላቀቅ፤ ተያይዞ ከተጠመዘዘ የአየር ቧንቧውን ይቀድዳል። የመፋቂያ ማሽኑን በአንድ ጥርስ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ በላይ አለማቆየት፣ ጫፉን ሳይሆን ጎኑን መጠቀም፤ ያለዚያ ሙቀቱ የጥርሱን ነርቭ ይገድለዋል።

ከሰመመኑ ጋር የቦታ ማደንዘዣ ይጨመር። ሊዶካይን 2 በመቶ ለ10 ኪሎ ውሻ ለመላው አፍ ከ2 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፤ ከመገፋቱ በፊት ሲሪንጁ ወደ ኋላ ተስቦ ደም አለመምጣቱ ይረጋገጥ።

ራጅን በተመለከተ፣ ከጥርስ የሚበዛው ክፍል ከድድ በታች ነው። ለሰው ጥርስ የሚያገለግለው ትንሹ የራጅ ማሽን ለውሻም ይሠራል፤ ምስሉን የሚቀበለው፣ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የሰው ጥርስ ሰሌዳ ለአብዛኛው ጥርስ ይበቃል፣ ለትልቅ ውሻ ክራንቻ ግን ሁለት ጊዜ መነሳት ይኖርበታል። ሰሌዳውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ማስደገፍ እንጂ በጣት መያዝ አይፈቀድ።

ጥርስ ሲነቀል

ከዓይኑ በታች ያበጠ፣ አንዳንዴም ፈንድቶ መግል የሚያወጣ ውሻ ለዓይን ሕክምና ይመጣል። አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ይሟሽሻል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው ትልቁ ቆራጭ ጥርስ ነው፤ ባለሦስት ሥር ነው፣ አጥንት ሲቆረጥም ጎኑ ይፈለጣል፣ ነርቩ ተጋልጦ ይሞታል፣ መግሉ ወደ ጉንጩ ይወጣል። ነርቩ የተጋለጠ ጥርስ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል። «እንጠብቅና እንየው» ሦስተኛ መንገድ አይደለም።

ባለሦስት ሥር ጥርስን በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማውጣት አይቻልም፤ ሥሮቹ ወደተለያየ አቅጣጫ ተንሰራፍተዋል። ድዱ ተከፍቶ ይገለበጣል፣ በጉንጭ በኩል ያለው የሥሩ ሽፋን አጥንት ከሲሶ እስከ ግማሽ ይነሳል፣ ጥርሱ ውሃ በሚረጭ መሰርሰሪያ ለሦስት ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ሥር ለብቻው ይወጣል። ስለታሙ ማላቀቂያ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ገብቶ ይዞርና ከ10 እስከ 30 ሰኮንድ እንደተያዘ ይቆያል። የሚሠራው ትዕግሥቱ ነው፤ ሥሩን የያዘው ጅማት የሚለቀው በጉልበት ሳይሆን በድካም ነው። ጉጠት የሚነሳው ጥርሱ በጣት ሲነካ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ከዚያ ሹል አጥንት ይሞረዳል፣ ይታጠባል፣ ራጅ ይነሳል፣ በራሱ በሚሟሟ ቀጭን ክር (ቁጥር 4-0) ሳይወጠር ይሰፋል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሥር ጫፍ ተሰብሮ ይቀርና መግል ይይዛል። የላይኛው ክራንቻ ሲወጣ ወደ አፍንጫ የሚያሳይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ውሻው ያስነጥሳል፣ ውሃ ሲጠጣ በአፍንጫው ይመለሳል። ከላይ ከኋላ ባሉት ጥርሶች ላይ ማላቀቂያው ካዳለጠ የሚገባው ዓይን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አመልካች ጣት ከጫፉ አጠገብ ተዘርግቶ እንደ ማቆሚያ ይያዝ። ታች ላይ ደግሞ በመግቢያው ያልነው ስብራት አለ። ራጁ ከሥሩ በታች ስስ አጥንት ብቻ ካሳየ ለባለቤቱ ከመጀመሩ በፊት ሊሰበር እንደሚችል ተነግሮት ይፈርም፤ ጥርሱ ለሁለት ይቆረጥ፣ የሌላው እጅ መዳፍ መንጋጋውን ከታች ይደግፍ።

ስብራቱ

በድሬዳዋ መንጋጋ የሚሰብሩት ባጃጅና መኪና፣ ርግጫ፣ ድንጋይ፣ የውሻ ጠብ ናቸው። በሐረር ጅብ ይጨመራል፤ የጅብ ንክሻ አጥንቱን ያደቅቀዋል፣ ቁስሉም ቶሎ ያመረቅዛል።

የተሰበረ መንጋጋ ያስደነግጣል እንጂ ውሻውን ወዲያው የሚገድለው እሱ አይደለም። የሚገድለው የታፈነ ትንፋሽ፣ የደም መፍሰስ፣ የተመታ ሳንባ ወይም የተመታ ጭንቅላት ነው። እነዚህ ይቀድማሉ፤ መንጋጋው ውሻው ሲረጋጋ፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይጠገናል። በመንገድ ላይ ውሻው በጎኑ ይተኛ፣ ራሱ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ምላሱ ወደ ፊት ይሳብ፣ ደሙ ይጠረግ። አፉ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ አይታሰር፤ አፍንጫው በደም ከተደፈነ የሚተነፍሰው በአፉ ብቻ ነው። ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚላክ ከሆነ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተዘግቶ አይውጣ፤ ትንፋሹን የሚያይ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለውሻ አይሰጥም፤ ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለሕመሙ ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን 0.2፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ 0.1 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ የደም ዝውውሩ ከተስተካከለ በኋላ። የመንጋጋ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍ የተከፈተ ቁስል ስለሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፦ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር፣ ከ12.5 እስከ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ።

ወጌሻ በእግርና በእጅ ስብራት ላይ ያለውን እጅ አንንቅም። መንጋጋ ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚፈለገው አጥንት ከአጥንት መግጠሙ ብቻ አይደለም፤ ጥርስ ከጥርስ መግጠሙ ነው። አፉ ሲዘጋ የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ክራንቻ ፊት ባለው ክፍተት ሳይነካካ መግባት አለበት። አጥንቱ በራጅ ላይ ያማረ ሆኖ ክራንቻው ላንቃውን ከወጋ ሥራው ከሽፏል። ይህን ለማየት ደግሞ በአፍ የገባው ቱቦ እንቅፋት ነው፤ ወይ ለአፍታ ይወጣል፣ ወይ ከመጀመሪያው በመንጋጋው ሥር በኩል በተከፈተ ቀዳዳ ይገባል።

ቀላሉ መንገድ የፕላስተር ማሰሪያ ነው፦ ብዙ ላልተንሸራተተ፣ በተለይ ለቡችላ ስብራት። የመጀመሪያው ዙር ማጣበቂያው ወደ ውጭ ሆኖ በአፍንጫው ዙሪያ ይዞራል። ሁለተኛው ረጅም ቁራጭ ከአንድ ጉንጭ ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ ዞሮ ወደ ሌላው ጉንጭ ይመጣል፣ እሱም ማጣበቂያው ወደ ውጭ። ከዚያ ማጣበቂያው ወደ ውስጥ የሆነ ሌላ ዙር በሁለቱም ላይ ይለጠፋል። በፊት ጥርሶች መካከል ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ምላሱ ወጥቶ ፈሳሽ ይልሳል፣ ክራንቻዎቹ ግን ተቆላልፈው መንጋጋው ወደ ጎን አይሄድም። ሁለት ሦስት መለዋወጫ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ በምግብ ይረጥባል፣ ቆዳውን ይልጣል።

እዚህ ላይ መጽሐፍ የማይለየው የእኛ አገር ጉዳይ አለ። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የተከፈተ አፍ አያለከልክም። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ሆና ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ያው ፕላስተር ሐረር ላይ ሕክምና ሆኖ ድሬዳዋ ላይ በቀትር ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ሽቦና አክሪሊክ (እንደ ሊጥ ተቀርጾ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ይመረጥ። ፕላስተር ግድ ከሆነ ውሻው ጥላ ባለበት እርጥብ ወለል ላይ ይዋል፣ የሚንቀሳቀሰው ጎሕ ሳይቀድ ይሁን፣ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በፊንጢጣ ይለካ። ጤነኛው 38 እስከ 39 ነው፤ 40 ካለፈ ፕላስተሩ ወዲያው ይቆረጥ፣ ሰውነቱ በውሃ ይርጠብ፣ ነፋስ ያግኝ። ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ ከማሰሪያው ጋር አብሮ ይሰጥ፤ ውሻው ሲያስታውክም የሚያድነው እሱ ነው። አፍንጫው ድፍጥጥ ለሆነ ዝርያና መተንፈስ ለተቸገረ ውሻ ጭራሽ አይታሰር።

ሽቦና አክሪሊኩ የሚሠራው ከስብራቱ በሁለቱም ወገን ጠንካራ ጥርስ ካለ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ሽቦ በጥርሶቹ አንገት ይጠመጠማል፣ ጥርሱ ተፀድቶ በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ጄል ይሻክራል፣ ታጥቦ ይደርቃል፣ አክሪሊኩ በላዩ ይገነባል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች የሚጠቀሙበት ራሱ የሚደርቅ አክሪሊክ ይሆናል፤ ሲደርቅ ግን ይግላል፤ ስለዚህ በስሱ እየተደራረበ በውሃ እየቀዘቀዘ ይሠራ። ድዱን እንዳይነካ ጠርዙ ይሞረድ። ከየምግቡ በኋላ በ0.12 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ይታጠብ። ባደገ ውሻ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በቡችላ ከ2 እስከ 4፤ ከመነሳቱ በፊት ራጅ። በስብራቱ መስመር ላይ ያለ ጥርስ የተወላገደ ወይም ሥሩ የተሰበረ ከሆነ ይነቀል፤ ጥብቅ ከሆነ ግን ይተው፣ ሽቦውን የሚይዘው እሱ ነው።

የታችኛው መንጋጋ ከፊት ለሁለት የተላቀቀ እንደሆነ ከክራንቻዎቹ ኋላ በአጥንቱ ዙሪያ የሚዞር አንድ ሽቦ ይበቃል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ክራንቻዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ብረት ማስገባት ግን ይቅር፤ በውስጡ ያለው ቦይ የነርቭና የደም ሥር መንገድ ነው እንጂ የቅልጥም ባዶ ቤት አይደለም።

ምግቡን አትርሱ። 10 ኪሎ ውሻ ተኝቶ ብቻ በቀን 400 ካሎሪ አካባቢ ይፈልጋል። የተቀቀለ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላልና ሩዝ በመረቅ ቀጥኖ በቀን አራት ጊዜ። የወጥ ፍትፍት አይሆንም፤ በርበሬው ይቅርና ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። 3 ቀን ያልበላ ውሻ በአንገቱ በኩል የምግብ ቱቦ ይግባለት።

ለመከላከሉ ረጅም ነገር የለንም። በየቀኑ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በጣት የተጠመጠመ እርጥብ የጋዝ ጨርቅ። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው። ከሥጋ ቤት የሚመጣ የግመልና የበሬ ቅልጥም፣ ሰኮናና ቀንድ ጥርስ ይፈልጣል፤ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ነገር ለውሻ አይሰጥ።

እንግዲህ ዝርዝሩ ይህ ነው፦ ከ3 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ ፊኛ ያላቸው ቱቦዎች ከየመጠኑ ሁለት፣ የኦክስጅንና የአይሶፍሉሬን ማሽን፣ አንድ የጥርስ ራጅ ከሰሌዳው ጋር፣ መለኪያ ዘንግ፣ ውሃ የሚረጭ መሰርሰሪያ፣ በየስፋቱ ስለታም ማላቀቂያዎች፣ ሽቦ፣ አክሪሊክ፣ 4-0 ክር። በየቀበሌው አይደለም፤ በአስተዳደሩ አንድ ቦታ ይበቃል። ዕቃው በሚቀጥለው በጀት ሊታይ ይችላል። ክትባቱን ግን ሐምሌን አትጠብቁበት።

ከሰላምታ ጋር

በድሬዳዋና በሐረር የምንሠራ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
በድሬዳዋና በሐረር ለሚገኙ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች
ለውሻ ባለቤቶች